ሩዝ የማይሰብር ብረት

ታናሽ ወንድሜ ዕቃ ሲሰበር «ማን ሰበረው?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም። የእሱ ጥያቄ «እንዴት ተሰበረ?» ነው። እናታችን በሕይወት ሳለች ብርጭቆ ከእጇ ካመለጠ እኛ መጥረጊያ ስንፈልግ እሱ ስብርባሪውን ወደ ብርሃን አንስቶ ያያል። «ተው፣ እጅህን ይቆርጥሃል» ስትለው «እማ፣ ከዚህ ጀምሮ ነው የተሰነጠቀው» ይላታል። እኔ በዚህ ጠባዩ ስናደድ ነው የኖርኩት። ዛሬ ግን ወረታ ከተማ ውስጥ እንደሱ የምኮራበት ሰው የለኝም፤ ፊት ለፊት አልነግረውም እንጂ።

አባታችን ሲሞት ትቶልን የሄደው ከዋናው መንገድ ጀርባ ያለችውን የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ነው። እኔ ትምህርቴን አቁሜ ወፍጮውን ያዝኩ፤ እሱ ቀጠለ። በሜካኒካል ምሕንድስና ተመረቀ፤ መለዋወጫ የሚያመርት ፋብሪካ ገብቶ ሠራ፤ ከዚያ ያንን ትቶ ለሁለተኛ ዲግሪ ተመለሰና ብረት ሲመረምር መዋል ጀመረ። ደንበኞቼ ወረፋ እየጠበቁ ስለሱ ይጠይቁኛል።

«ወንድምሽ አሁን ደግሞ ምን ይማራል?»

«ብረት እንዴት እንደሚበላ።»

«ብረት ደግሞ ማን ይበላዋል?»

«ያንተ ሩዝ!»

ሌላ አገር ቢሆን ቀልድ ይመስላል። እዚህ ፎገራ ሜዳ ላይ ግን ወፍጮ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። የሩዝ ገለባ ሲያዩት ምንም አይመስልም፤ ግን እንደ አሸዋ ይፍቃል። ወፍጮው ሆድ ውስጥ እየተሽከረከረ ሩዙን ከገለባው የሚያላቅቅ ጥርሳም ብረት አለ። ኅዳር ላይ አዲስ እንገጥማለን። ጥር ሲጋመስ፣ ገበሬው ከአውድማው በአህያና በባጃጅ እህሉን ሲያጎርፈው፣ ያ ጥርስ አልቆ የሽማግሌ ድድ ይሆናል። ያን ጊዜ ሩዙ ግማሹ ከነገለባው ይወጣል፤ ገበሬውም ኬሻውን መልሶ ጭኖ በሐሙሲት መውጫ በኩል ወደተተከለው ትልቅ ማሽን ይሄዳል። እኔ ብሆንም እሄዳለሁ።

ገበያ ላይ የሚገኘው ብረት ደግሞ ከዓመት ዓመት እየባሰበት መጣ። ደንበኛ ሸሸ። አንድ የከተማችን ነጋዴ ወፍጮውን ከነቦታው ልግዛሽ አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ መጋዘን ፈልገው ነው። «ወቅቱ ይለፍና መልሴን እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። ልቤ ግን ሸጦ ጨርሶ ነበር። ማታ ማታ ትከሻዬን እያሸሁ፣ የአባቴን ወፍጮ የሸጥኩ ልጅ ልባል ነው እያልኩ እገላበጣለሁ፤ ጧት ደግሞ ይኸን አሮጌ ወፍጮ ይዤ የት ልደርስ ነው እላለሁ። ለወንድሜ በስልክ ነገርኩት። «ያለቀውን ብረት እንዳትጥይው። መጣሁ» አለኝ።

ሲመጣ ሻንጣው ከበደኝ። ልብስ መስሎኝ ብከፍተው የብረት ቁራጭ ነው፤ ለምርምሩ የፈተናቸው ጠፍጣፋ ጠፍጣፋ ብረቶች። ሸሚዝ አንድ ብቻ አለ፣ እሱም ብረት ተጠቅልሎበታል። ሳይበላ ወደ ወፍጮው ገባና ያለቀውን ብረት ፀሐይ ላይ አውጥቶ፣ ጭኑ ላይ አስተኝቶ በአውራ ጣቱ ይዳስሰው ጀመር። የትኛው ወገን ቶሎ እንዳለቀ፣ እኔ ሩዙን ስጨምር በየትኛው እጄ እንደማጋድል ሳይቀር ጠየቀኝ። ገለባ በመዳፉ ፈትጎ አሸተተ። ሰው አላፊ አግዳሚው እያየ ይስቃል፤ እኔም ተሸማቀቅሁ። አሁን ሳስበው፣ አንድን ነገር እንደዚያ ከልቡ የሚያይ ሰው እንደገና አላየሁም።

ባሕር ዳር ብረት የሚያቀልጥ አንድ ወርክሾፕ ሄዶ እዚያው ሰነበተ። ከብረቱ ጋር ምን እንደሚቀላቀል፣ ምን ያህል እንደሚግልና እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ራሱ ቆሞ አሠራ። አዲሱን ጥርሳም ብረት ይዞ የተመለሰው ሲሄድ በወሰደው ጋቢዬ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ነው። ጋቢዬ በቅባት ተበላሽቶ ነበር፤ ልጮህበት አስቤ ፊቱን ሳይ ተውኩት።

በእኛ ዘንድ አዲስ ብረት የገጠመ ወፍጮ አፉን የሚፈታው በባለቤቱ እህል ነው። የሰው እህል አይደፈርም። አባቴም እንዲያ ያደርግ ነበር፤ ለበረከት ነው ይለናል። ስለዚህ የዓመት ቀለባችንን፣ ምርቱን እኩል ልንካፈል ካሳረስነው መሬት ያገኘነውን ሩዝ አመጣሁ። ገበሬዎቹ ኬሻቸውን ደርድረው ይጠብቃሉ። ሞተሩ ተነሣ፣ ሩዙን ጨመርኩ፣ ወንድሜ መውጫው ሥር መዳፉን ዘረጋ።

የወጣው ሩዝ ደቆ ነበር። ገለባ የሚባል የለበትም፤ ግን ሙሉ ሆኖ የወጣ ፍሬም የለበትም።

ከአባቴ ዘመን ጀምሮ ከእኛ ሌላ ወፍጮ ረግጠው የማያውቁ አንድ አዛውንት ደንበኛ አሉን። ዘገን አድርገው አዩት።

«ይኸማ ቅንጨ ነው እንጅ ሩዝ ነው ትይኛለሽ?» አሉ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ።»

ሰዉ ሳቀ። ወዲያው አንዱ ኬሻውን አነሣ፣ ሌላውም ባጃጅ ጠራ። ደሜ ፈላ።

«አንተ የምታውቀው ብረት ነው! ሩዝ አታውቅም!» ብዬ ጮህኩበት።

ወንድሜ ቁጢጥ ብሎ የደቀቀውን ሩዝ ያገላብጣል። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ወፍጮውን ከፍቶ ጥርሱን ዳሰሰና ፊቱ በራ። በዚያች ሰዓት በጥፊ ባጮለው ደስ ይለኝ ነበር።

«እታለም፣ ነይ ንኪው። እንዳለ ነው፣ ምንም አልተበላም።»

«ታዲያ ምን ይሁን? ሩዙን አየኸው?»

«እሱ ነው ጥፋቱ። አለመበላቱ።»

ነገሩን ለእኔ ብቻ አልነገረኝም፤ ለቀሩት ገበሬዎች ሁሉ ዞሮ አስረዳ። ከገበያ የምንገዛው ብረት ለስላሳ ስለሆነ ገና በመጀመሪያው ኬሻ የጥርሱ ስለት ይዶለዱማል። ከዚያ በኋላ ነው ሩዝ ሳይሰብር የሚፈለፍለው። የባለቤቱ እህል የሚቀድመው ለዚህ ኖሯል፤ የሚሰበረው የባለቤቱ እንዲሆን። የእሱ ብረት ግን ጠንካራ ነው፤ ስለቱ በአንድ ኬሻ አይዶለዱምም፣ ሩዙን እንደ ቢላ ይከትፋል። «እኛ ስንመራመር የምንፈልገው የማይበላ ብረት ነው። ባልተበላ ቁጥር ደስ ይለናል። ስለ ሩዙ የሚያስብ አልነበረም፤ እኔም አላሰብኩም» አለ። ቀጥሎም «ጥፋቱ የኔ ነው። ነገ ብትመለሱ ሩዛችሁ ሙሉውን ይወጣል» አላቸው። የተማረ ሰው በገበሬ ፊት እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ንዴቴ ባይበርድልኝም ልቤ ቀና አለ።

አብዛኞቹ ሄዱ። አዛውንቱ ግን ኬሻቸው ላይ ተቀመጡ። «እኔስ እጠብቃለሁ፤ አህያየም ደክማለች» አሉ። አህያቸው ጥላ ሥር ቆማ ጭድ ታኝካለች፤ የደከማት ነገር አይታየኝም።

ወንድሜ በመሳያ ድንጋይ የጥርሶቹን ጫፍ አንድ በአንድ አከበባቸው። ከዚያ ከወፍጮው ጀርባ የተከመረውን ገለባ በአካፋ እየዛቀ ወደ ወፍጮው ይጨምር ጀመር። በየዓመቱ የምናቃጥለው፣ ሲነፍስ ጎረቤት የሚያጣላን ገለባ ነው። «ብረት የሚፍቀው እሱ አይደል? እንግዲህ ይፋቅልኝ» አለ። አቧራው ቤቱን ሞላው። አዛውንቱ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይዘው «ገለባ የሚፈለፍል ወፍጮ ዛሬ አየሁ። ነገ ደግሞ ጭድ ትጋግሩ ይሆናል» ይላሉ። እኔም ቆሜ ቆሜ ሌላውን አካፋ አነሣሁ። በየመሀሉ ሞተሩን ያጠፋል፣ ጥርሱን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፣ «ገና ነው» ይላል። አንድም ጊዜ «ይበቃል መሰለኝ» አላለም። ስንጨርስ ሁለታችንም ቅንድባችን ሳይቀር ሸብቶ ነበር።

በማግስቱ ጧት ከቀለባችን የተረፈውን የመጨረሻ ኬሻ አመጣሁ። አዛውንቱ ከዘመድ ቤት አድረው ተመልሰዋል። ይኸም ከደቀቀ ለነጋዴው ዛሬውኑ እደውላለሁ ብዬ ቆርጫለሁ። ሩዙን ጨመርኩ። ዐይኔን ወደ መውጫው መመለስ ስላልቻልኩ ያየሁት የወንድሜን ፊት ነው፤ እሱም የኔን ያያል። ቀድመው ያዩት አዛውንቱ ናቸው። ዘገን አደረጉ፣ አንዷን ፍሬ በፊት ጥርሳቸው ነከሱ፣ የራሳቸውን ኬሻ ጎትተው አፉን ፈቱ።

ሙሉ ነው። ነጭና ሙሉ ሩዝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ወሬው ሜዳውን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ሸሽተው የነበሩት ተመለሱ፤ ከጣራ ገዳም ግርጌ ሳይቀር እህል የጫኑ አህዮች መጡልን። ያ ብረት ሳይቀየር ወቅቱን ጨረሰ። ወንድሜ በየሳምንቱ እያወጣ ይለካዋል፤ ትንሽ ከተበላ ደግሞ «እሰይ» ይላል፣ የሚመረምረው ነገር ተገኝቶለት።

መጋቢት ላይ ነጋዴው መልሴን ሊሰሙ መጡ። ወንድሜ እዚያው የሞተሩን ቀበቶ እያጠበቀ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየን።

«እህስ፣ ምን ወሰንሽ?» አሉኝ።

«አልሸጥም» አልኳቸው።

ስቀው፣ መርቀውኝ ሄዱ። ዘወር ስል ወንድሜ መፍቻውን ጥሎ መሬት ላይ ተቀምጧል። በቅባት የጠቆረ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ያለቅሳል። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ፤ በዚያ ሁሉ ወራት አንድም ቀን «አትሽጭው» አላለኝም።

«ምነው እንዲህ የምትፈልገው ከሆነ ሳትነግረኝ?» አልኩት።

«ወፍጮው ላይ ቆመሽ የኖርሽው አንች ነሽ» አለኝ። «ደክሞሽ ቢሆንስ?»