አዋሽን በጭብጨባ ቀይ ባሕር ያስገቡ ዕለት

ከትናንት ጀምሮ እዚህ ፍራንክፈርት፣ ቦከንሃይም ሰፈር ውስጥ «ቲቸር አርጅተዋል፣ አዋሽ ቀይ ባሕር ይገባል ብለው ዳኙ» እየተባለ ይወራል አሉ። አልዳኘሁም። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሴት ነኝ፤ አዋሽ አቤ ሐይቅ ገብቶ እንደሚቀር ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝም አልስትም። የሆነውን ልንገራችሁ...

ናቲ የሚባል እዚሁ ፍራንክፈርት ያደገ ልጅ ለሐበሻ ቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጀ። ጥያቄ አውጪዋም ዳኛዋም እኔ። ሽልማቱ አገር ቤት ደርሶ መልስ የአውሮፕላን ቲኬት። መጀመሪያ ለሙከራ አንድ ክፍል ቀረጽን። ሁለት ጠረጴዛ፣ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ለማሰቢያ አንድ ደቂቃ ጸጥታ... መልሱ ትክክል ሲሆን እኔ ራሴን በአዎንታ እነቀንቃለሁ። ጨዋ ሥራ ነበር፤ ደስ አለኝ።

ዋናው ተከታታይ የተጀመረ ቀን ጊንሃይም ሰፈር የተከራዩት አዳራሽ ስገባ ግን ጠረጴዛ የለ፣ ወረቀት የለ። መብራቱ ዓይን ያጠፋል።

«ናቲ፣ ጠረጴዛው የት ሄደ?»

«ቲቸር፣ ፎርማቱ ተቀይሯል። ሙከራውን ያዩ ሰዎች እንቅልፍ አመጣብን አሉ። አሁን የሚዳኘው ሕዝቡ ነው። ጭብጨባ የበዛለት ያሸንፋል።»

«መልሱስ?»

«መልሱማ... እርስዎ ብቻ ቁጭ ይበሉልን፤ ግርማ ሞገስ ይሰጡናል።»

ቀፈፈኝ። ያኔውኑ መነሣት ነበረብኝ። የቆየሁት ከተወዳዳሪዎቹ ለአንዷ፣ ለአልማዝ ብዬ ነው። አልማዝ አልተንሃይም በሚሉት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሽማግሌዎችን የምትንከባከብ ልጅ ናት። እናቷን ካየች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። የእናቷ ዓይን እየደከመ ነው፤ «ሳታየኝ ሊጠፋ ነው» እያለች ቲኬቱን እንደ ምን ትመኘው ነበር።

ተጋጣሚዋ የመዘምራን ጓደኞቹን ሁለት ረድፍ ሙሉ ይዞ የመጣ ቀልደኛ ጎረምሳ ነው። እሷ ብቻዋን ነበረች፤ ጓደኞቿ ሁሉ ሺፍት ላይ ናቸው።

የመጨረሻው ጥያቄ «የአዋሽ ወንዝ መጨረሻው የት ነው?» የሚል ነበር።

«አቤ ሐይቅ» አለች አልማዝ፣ ቀስ ብላ።

«ቀይ ባሕር! ማን አባቱ ያቆመዋል!» አለ ጎረምሳው፣ እጁን እንደ ዋናተኛ እየቀዘፈ።

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ከዚያ ጭብጨባው... እሑድ እሑድ የሰለጠነ እጅ ነው። ያን ሁሉ በረሃ አሻግረው ወንዙን ባሕር ከተቱት፤ ቲኬቱም የጎረምሳው ሆነ!

ብድግ ብዬ «ስህተት ነው!» አልኩ። ማይክሮፎኔን ዘግተውታል። አልማዝን በጆሮዋ «ትክክሏ አንቺ ነሽ» ብያት ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ።

ይህ ብቻ በሆነ ደግ ነበር። ትናንት ከሰዓት ፕሮግራሙ ተላለፈ። ጎረምሳው «ቀይ ባሕር!» ሲል ካሜራው ወደ እኔ ዞረ... እኔም በኩራት ራሴን እነቀንቃለሁ! የዚያን ቀን የለበስኩት ግራጫ ሹራብ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለችው ሴትዮ ጥቁር ለብሳለች። የሙከራው ቀን ልብሴ ነው! ለትክክለኛ መልስ የነቀነቅኩትን ቆርጠው ለስህተት ለጠፉት። የገዛ ፊቴ አስጠላኝ።

ናቲ ጋ ደወልኩ።

«ቲቸር፣ አንድ ሰከንድ እኮ ናት! ሽፓስ ነው፣ ቀልድ! ሰው ይሳቅበት ብለን ነው» አለኝ፣ ራሱም እየሳቀ።

አመሻሽ ላይ አልማዝ ደወለች።

«ቲቸር... ያን ቀን ትክክል ነሽ ያሉኝ ለማጽናናት ነበር እንዴ?»

ላስረዳት ስጀምር «ግድ የለም፣ ሥራ ልገባ ነው» ብላ ዘጋችው። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ብደውል አታነሣም።

ቲኬቷን መውሰዳቸው አንሶ፣ የምታውቀውን እንደማታውቅ አሳመኗት... እሱንም በእኔ ፊት።

ነገ ማለዳ መጀመሪያ፣ ከሌሊት ሥራዋ ስትወጣ የአልተንሃይሙ በር ላይ ቆሜ አልማዝን እጠብቃታለሁ። ቀጥሎ ቲኬቱን የሸለመው የጉዞ ቢሮ እንደተከፈተ ገብቼ ማን ትክክል እንደመለሰ ጽፌ፣ ፈርሜ እሰጣቸዋለሁ። ከዚያ ናቲን ቤቱ ሄጄ እቀሰቅሰዋለሁ፤ ማስተካከያውን በዚያው ፕሮግራም፣ በዚያው ሰዓት እንዲናገር። ቁርሴን የምበላው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።