እንፋሎቱ አያሽመደምድም

ያስከፈለኝን አስቀድሜ ልናገር፤ ኪሳራውን የሚደብቅ ነጋዴ አልወድም። አንድ የእህል መጋዘን ከነፈቃዱ፣ የእህቴን የፋጡማን ሰላምታ፣ የቀበሌ እስር ቤት ቁንጫ የጠጣውንም ደም ጨምሩበት። የእህቴ ባል የይማም እግር ግን በእኔ ሒሳብ አይገባም። እሱን የከፈለው ራሱ ነው።

ቆቦ እህል ተራ ሥራ የጀመርኩ ቀን ጌታዬ ሸህ ሙሄ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ቁና ሳያስይዙኝ፣ ጆንያ መስፊያ ወስፌ ሳይሰጡኝ፣ መጀመሪያ ያስጨበጡኝ ጫፉ የሾለ፣ መሀሉ ቦይ የሆነ ብረት ነው። ጆንያ ይወጉበትና የውስጡን እህል ያዩበታል። እኔ ግን ብረቱን ትቼ የጆንያውን አፍ ፈታሁና ከላይ ዘግኜ «ጥሩ ማሽላ ነው» አልኩ።

ሸሁ ሳቁ። «የጆንያ አፍ ሁልጊዜ ሙሽራ ነው። ሆዱን ውጋው።»

ሆዱን ስወጋው ነቀዝ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ስለ ንግድ የተማርኩት ሁሉ የዚያ ቀን ትርፍራፊ ነው።

ራሴን ችዬ መጋዘን ስከፍት ከቆላው ማሽላ፣ ከደጋው ጤፍና ጓያ አመጣ ነበር። ጓያ ርካሽ ነው፤ ዝናብ ሲከዳም አይከዳም። ሰው ግን ይፈራዋል። በእኛ አገር የጓያ እንፋሎት የነካው ሰው ይሽመደመዳል ይባላል። ሴቶች ከደጅ ይቀቅሉታል፤ ሲያማስሉም ፊታቸውን ያዞራሉ። በማሳው መሀል መሻገርን እንኳ የማይወድ አለ። በዚህ ፍርሃት የተነሳ ብዙ ቤት ጓያን አያዘወትርም። እኔም ገበያዬን ዘጋብኝ እያልኩ ፍርሃቱን ስረግመው ኖሬአለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ የደረቀበት ዓመት መጣ። መጋዘኔ ውስጥ የቀረው ጓያ ብቻ ሆነ። ያኔ ጌታሁን መጣ። የጤና ጣቢያው የጤና መኮንን ነው። እኛ «ዶክተር» እንለዋለን፤ እሱ «ዶክተር አይደለሁም» ይለናል፤ እኛም «እሺ ዶክተር» እንለዋለን።

ጆንያዎቹን እያየ «አሊ፣ ይህን ሁሉ ማን ሊበላው ነው?» አለኝ።

«ሌላ ያጣ።»

«ለብቻው እየበሉ ከከረሙ የሚሽመደመድ አይጠፋም።»

«እንፋሎቱን ነው?»

«እንፋሎቱ ምንም አያደርግም፤ ተረት ነው! ችግሩ መብላቱ ነው። ዘፍዝፈው ውሃውን ካልደፉ፣ ከሌላ እህል ካልቀላቀሉ፣ ለወራት እሱን ብቻ ከበሉ እግር ይይዛል። አንዴ ከያዘ ደግሞ መድኃኒት የለኝም።»

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ ተስፋዬ የሚባል የሬዲዮ ጋዜጠኛ ቴፑን ተሸክሞ መጥቶ ከመጋዘኔ ፊት ለፊት ሆቴል አርፎ ነበር። ሁለቱን ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ። ድለላ ለምዶብኝ፣ ሁለት ሰው ተራርቆ ካየሁ እጄ ይበላኛል። ቀረጻው በእኔ መጋዘን ሆነ፤ ጆንያ ድምፅ ይውጣል፣ የመኪና ጡሩንባ አይገባም።

ጌታሁን ቴፑ ሲከፈት ፈተና የተቀመጠ መሰለ። ግማሹን በእንግሊዝኛ ተናገረ። ተስፋዬ ቴፑን ዘጋው።

«ዶክተር፣ አድማጬ ገበሬ ነው። አጭርና ቀላል አርግልኝ።»

«እኔ ሳሳጥረው አንተ ታጣምመዋለህ። ያለፈው ጋዜጠኛ ስለ ክትባት ያላልኩትን አስብሎኛል።»

«እኔ ያለፈውን ጋዜጠኛ ወለድኩት እንዴ?»

መሀል ገባሁ። «ዶክተር፣ ገበያ ላይ ለቆመች ሴትዮ እንደምትነግራት ንገረው። ተስፋዬ፣ አንተም አታቋርጠው።»

እንደገና ተከፈተ። ጌታሁን እንደተማረው ከተሳሳተው እምነት ጀመረ። «በመጀመሪያ፣ እንፋሎቱ አያሽመደምድም። ይህ መሠረት የሌለው እምነት ነው። ጓያ ገንቢ ምግብ ነው። ሆኖም…» አለ። ቁም ነገሩ ሁሉ ከ«ሆኖም» ወዲያ ነበር፤ መዘፍዘፉም፣ መቀላቀሉም፣ መድኃኒት ማጣቱም። ጥሩ አርጎ ተናገረው። ሁለቱ ተጨባብጠው ተለያዩ፤ እኔም ደላላነቴን ወደድኩት።

የተላለፈው በገበያ ቀን ነው። ሬዲዮኔን ደጃፍ ላይ አወጣሁትና ሰው ከበበው። ፋጡማና ባሏ ይማም ከሮቢት አካባቢ አህያቸውን ይዘው ሊሸምቱ መጥተው ነበር። የጌታሁን ድምፅ መጣ። «እንፋሎቱ አያሽመደምድም። ጓያ ገንቢ ምግብ ነው።» ከዚያ ተስፋዬ «እናመሰግናለን ዶክተር» አለ፤ የማርሽ ሙዚቃ ተከተለ።

«አላህ ይስጠው! ስንት ዘመን ከደጅ ስንቃጠል» አለች ፋጡማ።

«ቆይ እቴ፣ ንግግሩ አላለቀም። ቀሪ አለው። ዶክተሩ እዚህ ቆሞ ሲናገር ሰምቻለሁ፤ ለብቻው መብላት ነው የሚያሽመደምደው» አልኩ።

ይማም ወደ ሰዉ ዞረ። «ሰማችሁት? ነጋዴ የራሱን እህል አትግዙ ካለ ነገ ዋጋ ሊጨምር ነው!»

ገበያው ሁሉ ሳቀ። የአሊ ጓያ ነገ እንደ ማር ይመዘናል የሚልም ነበረ። እኔ ለእህቴ አልሸጥም አልኩ፤ ይማም ከጎረቤቴ ገዛ። እንደ ወንድም የለመንኳቸውን እንደ ነጋዴ ሰሙኝ። በእነሱ አልፈርድም፤ ስንት ጊዜ እንደ ወንድም እየማልኩ እንደ ነጋዴ ሸጬላቸዋለሁ።

ጓያ ብቻ ሲበሉ ከርመው፣ ከወራት በኋላ ይማም እያረሰ ጉልበቱ ከዳው። ድካም ነው አለ። ከዚያ በእግሩ ጣቶች ይረግጥ፣ ጉልበቶቹ እርስ በርስ ይጠላለፉ ጀመር። በአህያ ጭነን ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ጌታሁን መርምሮት ሲያበቃ «ጓያው ነው፤ መድኃኒት የለኝም» አለ።

«ዶክተር፣ በሬዲዮ ገንቢ ነው ብለሃል» አለው ይማም። ቁጣ እንኳ አልነበረበትም።

ጌታሁን በማግስቱ ቀሪውን ለሕዝብ ልንገር ብሎ ወደ ወረዳው ካድሬ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩ። ካድሬው ወንበር አልሰጠንም።

«ቀላቅሉ ትላለህ፤ ከምን ጋር? በቆላው እህል የለም ልትል ነው? ሬዲዮው የቆረጠውን የምትቀጥል አንተ ማነህ?»

ጌታሁን «ሰው እየተሽመደመደ ነው» አለ።

«እንፋሎቱ አያሽመደምድም ያልከው አንተ፤ አሁን ደግሞ ያሽመደምዳል የምትለው አንተ። መጀመሪያ ከራስህ ተስማማ።»

ተስፋዬ ለሌላ ሥራ ቆቦ ሲመለስ ክንዱን ይዤ ይማም ቤት ድረስ ወሰድኩት። ይማም ሁለት ዱላውን ጎኑ አስቀምጦ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ጋዜጠኛው «እንደምን ዋሉ?» ሲል ይማም ቀና አለ።

«ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። 'እናመሰግናለን ዶክተር' ያልከው አንተ ነህ።»

ተስፋዬ ላቡን ጠረገ። «ሙሉውን ነው ይዤ የሄድኩት ጋሼ። የቆረጡት በላይ ያሉት ናቸው።»

«እግሬም ከላዩ ደህና ነው» አለ ይማም።

በዚያ ማታ እኔ፣ ጌታሁንና ተስፋዬ ሆቴሉ ውስጥ ተቀመጥን። ተስፋዬ «ከመጀመሪያው ያለው ይተላለፋል፣ ከኋላ ያለው ይቆረጣል። ሥራችን እንዲህ ነው» አለ። ጌታሁን «ይህን ለምን ቀረጻው ዕለት አልነገርከኝም?» አለው። «አንተስ ከሁሉ የሚከፋው የትኛው እንደሆነ ለምን አልነገርከኝም? ሁሉንም በአንድ ድምፅ ነው ያነበብክልኝ» ብሎ ተስፋዬ መለሰ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የጆንያውን አፍ በመልካም እህል የሞላው አንዱ፣ ሆዱን ሳይወጋ የጫነው ሌላው። ሸህ ሙሄ ቢኖሩ ሁለቱንም ባባረሯቸው።

ስንከራከር አምሽተን አንድ ዓረፍተ ነገር አወጣን። «ጓያን ለብቻው አዘውትሮ መብላት እግር ያሽመደምዳል፤ እንፋሎቱ ግን አያደርገውም።» የሚጎዳው ከፊት፣ የሚያጽናናው ከኋላ። ከኋላ ቢቆረጥም ፊቱ ይተርፋል። ጌታሁን በቴፑ ተናገረው፤ ተስፋዬ ይዞት ሄደ። በላይ ያሉት ግን ከፊትም ከኋላም አልቆረጡትም፤ ሙሉውን ጣሉት።

እኔ የሬዲዮ ጣቢያ የለኝም፤ ጉሮሮ አለኝ። በገበያ ቀን ጆንያ ላይ ቆሜ እንደ እህል ዋጋ ጮህኩት። ጎብዬ ገበያ ድረስ ሄጄ ጮህኩት። የራሴን ጓያ መሸጥ አቆምኩ፤ ያኔ ሰዉ ማመን ጀመረ። ነጋዴ የሚታመነው ሲከስር ነው። ቀበሌው ደግሞ ያኔ ያዘኝ። «እህል ደብቆ፣ ረሃብ ገባ እያለ ሕዝብ የሚያሸብር» ተባልኩ። መጋዘኑን አሸጉት፤ ስፈታ የቀበሌ ሆኖ ጠበቀኝ።

ፋጡማ አንድ ቀን ብቻ ስለዚህ አነጋግራኛለች። «ጆንያ ላይ ወጥተህ ለአገሩ እንደጮህከው ያን ቀን ለእኛ ብትጮህ እናምንህ ነበር» አለችኝ።

ለሐኪምም ለጋዜጠኛም የምለው ይህን ብቻ ነው። ሐኪም የሚጎዳውን ከጆንያው አፍ ላይ ያድርግ፤ ጋዜጠኛ ሆዱን ሳይወጋ አይጫን።

ሒሳቡ ይኸው። ጌታሁንን ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር አዛወሩት። ተስፋዬን አልፎ አልፎ በሬዲዮ እሰማዋለሁ፤ ስለ እግር ኳስ ያወራል። መጋዘኑ አልተመለሰም። ፋጡማ መንገድ ላይ ስታየኝ ትሻገራለች። ይማም በሁለት ዱላ ይሄዳል። ያ ዓረፍተ ነገር በሬዲዮ አልተነገረም።