በካላማዳሪያ ላይ የነዳሁት ሻምፒዮና

መጀመሪያ ያየሁት ጊንጪ ላይ ነው። ከአገር አቀፉ የመኪና ውድድር ሻምፒዮና ሁለተኛ ዙር ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ እየተመለስን ነበር፤ እኔና ገመቹ። ገመቹ የጋራዤ ሸሪክ ነው፤ ሞተሩን እሱ ያስተካክላል፣ እኔ እነዳለሁ። ምሳ ከማዘዛችን በፊት ሽንት ቤት ገባሁ። ደም ነበር። ብዙ አልነበረም። ውኃ ደፋሁበትና ወጥቼ ጥብስ በላሁ።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ አፍሮ ለተቀመጠ ሰው ስለሆነ ዳር ዳር ማለቱ አይጠቅምም። ደሙ የመጣው ከፊንጢጣዬ ነው። ዛሬም እዚህ መስመር ላይ ስደርስ ጆሮዬ ይግላል።

ኪንታሮት ነው ብዬ ለራሴ ወሰንኩ። ሾፌር ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ እቀመጣለሁ፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እየቆየ መቀመጥ ሲያመኝ ደግሞ ጭራሽ እርግጠኛ ሆንኩ። ባለቤቴ ደራርቱ ምን ሆነህ ነው የምትቁነጠነጠው ስትለኝ "ወገቤን ነው" አልኳት። በዚያው ወገቤ ሆኖ ቀረ።

አምቦ ሆስፒታል መሄድ የማይታሰብ ነበር። ካርድ ክፍሉ ውስጥ የደራርቱ የአክስት ልጅ ትሠራለች፤ መርፌ የሚወጋው ነርስም መኪናውን የሚያሠራው እኛ ጋ ነው። ስለዚህ ማንም ወደማያውቀኝ ወደ ጌዶ ሄድኩ። የሄድኩት ግን በምን መሰላችሁ? በውድድሯ ኮሮላ! በሮቿ ላይ ትልቅ ሰባት ቁጥር የተጻፈባት፣ ማርሚታዋ ተቆርጦ ድምጿ ከሩቅ የሚሰማ ቀይ መኪና። ክሊኒኩ በር ላይ ሳቆማት የገበያው ሰው ከበባት። ነርሱ ራሱ ከወንበሩ ተነስቶ ጨበጠኝ።

"አካም ጂርታ! የአምቦው ሰባት ቁጥር አይደለህም እንዴ? ምን አገኘህ?"

"ራሴን" አልኩት። የራስ ምታት ክኒን ይዤ ተመለስኩ።

ካላማዳሪያው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከጋሪ ጎማ ውስጥ ያለውን ክብ ላስቲክ አውጥቼ በግማሽ ነፋሁትና ወንበሬ ላይ አደረግኩት። መሐሉ ክፍት ስለሆነ የሚያመኝን ቦታ አይነካም። ገመቹ ሲያየው ፊቱ በራ። "ንዝረቱን እንዲውጥልህ ነው አይደል? ጉደኛ ነህ እኮ!" አለኝ። "አዎ" አልኩ። በሦስተኛው ዙር ሁለተኛ ወጣሁ። በሚቀጥለው ዙር ሁለት ተወዳዳሪዎች ካላማዳሪያ ነፍተው መጡ፤ አንዱ ኢዮብ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሌላው በነጥብ ይመራ የነበረው ባለ ሦስት ቁጥሩ። ገመቹ ምስጢራችን ተሰረቀ ብሎ ሊደባደብ ተነሳ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

የመጨረሻው ዙር አምቦ እንዲሆን ሲወሰን ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ቤተ ክርስቲያናችንም ወገቤን በጸሎት ያዘልኝ። ሽማግሌያችን ኦቦ ፈይሳ ሁለት እጃቸውን ወገቤ ላይ ጭነው በኦሮምኛ ሲጸልዩ እንባቸው ሸሚዜን አራሰው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የማስበው እጃቸው ከሕመሜ አንድ ስንዝር ከፍ ማለቱን ነበር። በሚቀጥለው እሑድ እንዴት ሆንክ ሲሉኝ በጉባኤው ፊት ጎንበስ ብዬ የእግሬን ጣቶች ነካሁ። ሴቶቹ እልል አሉ። ወገቤማ ድሮም ጤነኛ ነበር። ቀና ስል ግን ዓይኔ ጨለመብኝ።

እሱንም ከሐፍረት ቆጠርኩት። ዳገት ስወጣ ልቤ ይደልቃል፤ ለእሱም ምክንያት አላጣሁም። ደራርቱ "ከንፈርህ ነጣ እኮ፣ ደም የለህም ወይ?" ስትለኝ "ጭንቀት ነው፣ ውድድሩ ይለፍ" እላት ነበር።

የልምምዱ ቀን። መንገዱ ተዘግቷል። ሰው ግራና ቀኝ ቆሟል። ቁልቁል የሚታጠፈው ቦታ ደረስኩ። ጆሮዬ ጮኸ። መሪው ከእጄ ራቀ። ሌላ አላስታውስም። ስነቃ አፌ ውስጥ ጭድ ነበር። መኪናዋ ጭድ የታጨቀባቸውን ጆንያዎች ጥሳ ቆማለች። ከጆንያዎቹ ኋላ ሰዎች ነበሩ። ደራርቱ መሐላቸው ነበረች። ማንም አልተነካም።

እንዲያ ስሸሸው የነበረው አምቦ ሆስፒታል በቃሬዛ ገባሁ። ዶክተሯ ወጣት ሴት ናት። የዓይኔን ቆብ ገልብጣ አየች፣ ደሜን አስመረመረች፣ ውጤቱን ይዛ አጠገቤ ቆመች።

"ሄሞግሎቢንህ ሊኖርህ ከሚገባው ግማሽ አይሞላም። ይህ የዛሬ ነገር አይደለም፤ ስትደማ ቆይተሃል። ከየት ነው የምትደማው?"

ክፍሉ ውስጥ ደራርቱ፣ ገመቹና ኦቦ ፈይሳ ነበሩ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ደግማ ጠየቀችኝ። ተናገርኩ። ገመቹ "ካላማዳሪያው..." አለና አፉን በእጁ ያዘ። ኦቦ ፈይሳ አንገታቸውን ደፉ። ደራርቱ አላለቀሰችም። "ለእኔ መንገር አፍረህ እኔኑ ልትገድለኝ ነበር" አለችና ወጣች። ከዚያ ቀን ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው።

ደም ያስፈልገኝ ነበር። ገመቹ ሰጠ። ለውድድሩ አምቦ የገባው ኢዮብም ሰምቶ ሊሰጥ መጣ። እሱን ግን ላቦራቶሪው መለሰው፤ የእሱም ደም አንሷል። ማታ አልጋዬ ጫፍ ላይ በአንድ ጎኑ ተቀምጦ ሁሉንም ነገረኝ። እሱም ይደማ ነበር። ካላማዳሪያ የነፋው ስለ ንዝረት አልነበረም፤ እኔ ላይ ሲያየው ለሕመሙ እንደሚሆነው ስለገባው ነው። ሁለታችን ስንት ጊዜ ጎን ለጎን ቆመን ስለ ንፋሱ ልክ አውርተናል! ሳቅን። ከዚያ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ።

ሁለታችንም ወደ አዲስ አበባ ተላክን፤ እዚያ ኮሎኖስኮፒ ተሠራልን። ኮሎኖስኮፒ ማለት ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በዚያው በኩል አስገብቶ አንጀትን ማየት ነው። የፈራሁትን ያህል አላመመኝም፤ ያፈርኩትን ያህልም ማንም ጉዳዬ አላለኝም። የኢዮብ ኪንታሮት ብቻ ነበር። የእኔን ሐኪሙ እንዲህ አለኝ፦ "ሁለት ነገር ነው ያለብህ። ኪንታሮቱ ትንሹ ነው። ሲያደማህ የቆየው አንጀትህ ውስጥ የበቀለው ፖሊፕ የሚባል ትርፍ ሥጋ ነው። ዝም ብትለው ካንሰር ሊሆን ይችል ነበር።" ፖሊፑ በቀዶ ጥገና ወጣ።

ማገገሙ ቀስ ብሎ የመጣ ነገር ነው። ለደም ማነሱ የታዘዘልኝ የአይረን ክኒን ሰገራዬን ሲያጠቁረው እንደገና ደማሁ ብዬ ደንግጬ ነበር፤ አሁን ግን አፍሬ አልቆየሁም፣ በዚያው ጠዋት ዶክተሯ ዘንድ ሄጄ ስጠይቃት የክኒኑ ጠባይ እንደሆነ ነገረችኝና ተረጋጋሁ። ውኃ በብዛት እየጠጣሁ፣ ምስርና ጎመን እየበላሁ፣ ጠዋት ጠዋት በእግሬ ስሄድ ደራርቱ መጀመሪያ ከኋላዬ በዝምታ፣ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ጎን ለጎን ሆና እያወራችኝ ትከተለኝ ነበር።

ስድን ጉባኤው ፊት ቆሜ የሕመሜን ስም ጠራሁ። እልልታ አልነበረም። ሲወጡ ኦቦ ፈይሳ ክንዴን ያዙኝ፦ "ማሎ፣ ምነው ልጄ ታዴ! ለጌታ ወገብ ብትለውም ቦታውን ያውቀዋል። እኛ ግን ብትነግረን ኖሮ ተሸክመንም ቢሆን ሐኪም ዘንድ እናደርስህ ነበር።"

ደሙን ለሰጠኝ ለገመቹ፣ ጥያቄዋን ለደገመችው ዶክተር፣ ይቅር ላለችኝ ለደራርቱ ምስጋናዬ አያልቅም። አንተ ደም ያየህ፣ አንቺም ያየሽ፣ ኪንታሮት ነው ብላችሁ ራሳችሁ አትወስኑ። እሱን ሐኪም ይበለው።

ዋንጫውን ባለ ሦስት ቁጥሩ ወሰደ። እንደምሰማው ዛሬም ካላማዳሪያ ላይ ተቀምጦ ነው የሚነዳው፤ እኔም እስከ ዛሬ እውነቱን ልነግረው አፍሬያለሁ። ወንድሜ፣ ይህ ጽሑፍ እጅህ ከገባ ስማኝ፤ ካላማዳሪያው ፍጥነት አይጨምርም። ለፍጥነት ብለህ ከሆነ ጣለው። ስለሚመችህ ከሆነ ግን፣ እባክህ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂድ።