ከትኬቱ በላይ የሚወጣው መልእክት

ደባርቅ መናኸሪያ በስምሪት ሠራተኝነት ሥራ በጀመርኩበት ቀን ጋሽ መኳንንት የሚባሉ ሹፌር ወደ ጠረጴዛዬ ቀርበው፣ «ልጄ፣ ሊማሊሞ እንዴት አደረ?» አሉኝ። ቁልቁለት እንደ ሰው ያድራል እንዴ ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ደኅና አደረ ካላልሽኝ ሞተር አላስነሣም» አሉ።

የእኛ ሹፌሮች ደንብ ይኸው ነው። መውጫ ወረቀታቸውን ይዘውም ቢሆን፣ መንገዱን ከስምሪት ሠራተኛ አፍ ሳይጠይቁ ከቁልቁለቱ ግርጌ ወዳለችው ዛሪማ አይወርዱም። እኛም ከዛሪማው ባልደረባችን ወሬ ሳንሰማ አንመልስም። ድሮ በስልክ ነበር፤ ኋላ ኮምፒውተር መጣና መልእክቱ በስክሪን ይደርሰን ጀመር።

ችግሩ፣ ኮምፒውተሩ አንድ ነው፤ ትኬት የሚቆረጠውም በእሱ ነው። በገበያ ቀን የትኬቱ መስኮት ስክሪኑን ሞልቶ ይውላል፤ የዛሪማው መልእክት ከሥሩ ይቀበራል። አንድ ክረምት የናዳ መልእክት እንዲሁ ሳይታይ ቀርቶ፣ አንድ አውቶቡስ ናዳው ካለበት ኩርባ ደርሶ ለጥቂት ተረፈ። እግዜር አወጣን።

ሰዓዳ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። አባቷ ዳባት ገበያ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ እሷ የኮምፒውተር ጥገና ተምራለች። ችግሩን ስነግራት ማውሱን እንኳ አልነካችም። ጥቁር መስኮት ከፍታ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈች። የተከፈቱት መስኮቶች ስም ሁሉ ተደረደረ፤ ትኬት፣ ሒሳብ፣ ከታች ደግሞ የእግር ኳስ ጨዋታ። ኃላፊያችን ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ ውባለም፣ ይቺ ትንሽ ፕሮግራም መስኮቱን በስሙ ጠርታ ውጣ ወይም ውረድ ትለዋለች» አለችኝ። ሌላ መስመር ጻፈች፤ ትኬቱ ወረደ። ደግሞ ጻፈች፤ የመንገዱ መልእክት ከሁሉም በላይ ወጣ። ከዚያ ትእዛዞቹን አንድ ላይ አሰረቻቸው። ከዛሪማ አዲስ መልእክት ሲመጣ መስኮቱ በራሱ ይወጣል፤ «አየሁ» ብለን ካልጻፍን አይወርድም። እንዲህ ያለ እጅ አይቼ አላውቅም።

ኃላፊው አልወደደውም። «ሰው ተሰልፎ እያለ ሥራ ያስፈታናል። ነገ አጥፊልኝ» አላት። ፊቷ ሲከፋ አየሁ።

በማግሥቱ ገበያ ነበር፤ ጭጋጉም ወፍራም። ጋሽ መኳንንት ማልደው ጠይቀውኝ፣ «ደኅና አደረ» ብያቸው፣ ሰው ይጭኑ ነበር። እኔ ግቢው ውስጥ መኪና ሳሰልፍ ኃላፊው ትኬት ይቆርጥ ነበር። መስኮቱ ወጣበት። በማውስ ገፋው፤ ተመለሰ። ደግሞ ገፋው፤ ደግሞ ተመለሰ። ሰዓዳን እየረገመ ሊዘጋው ሲል አነበበው፦ «አሁን ናዳ ወርዷል። ማንም እንዳይወርድ።»

ኃላፊያችን ወፍራም ሰው ነው፤ ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አውቶቡሱ ከበሩ ሲወጣ እጁን ዘርግቶ ከፊቱ ቆመ። ጋሽ መኳንንት አንገታቸውን አውጥተው «ምነው አለቃ?» አሉ። ትንፋሽ አጥሮት መናገር አቃተው፤ ወደ ሊማሊሞ ብቻ ጠቆመ። እሳቸው ሞተሩን አጠፉ። ያ ሁሉ ሰው ዕቃውን ይዞ አንድ በአንድ ሲወርድ ሳይ እንባዬ መጣ።

ወደ ቢሮ ስንመለስ ሰዓዳ በታዘዘችው መሠረት ልታጠፋው ጥቁሩን መስኮት ከፍታ ተቀምጣለች። ኃላፊው ላቡን እየጠረገ ከኋላዋ ቆመ።

«አንቺ ሰዓዳ» አላት፤ «ፊደሉን ማተለቅ ይቻላል?»

በስምሪት ሥራ መንገዱ ይቀድማል፤ ትኬቱ ይከተላል።