ልጄ እንድታለቅስ ስጸልይ

እኔ ያረገዝኩት ሦስት ዓመት ነው፤ በሆዴ ሳይሆን በፋይል። የጣት አሻራ፣ የሐኪም ወረቀት፣ የሥራ ደብዳቤ፣ ቤታችንን ሊያይ የሚመጣ ሰው፣ ከዚያ እንደገና የጣት አሻራ። የመጀመሪያው ጊዜው አልፎበታላ! ከአገር ቤት በጉዲፈቻ ልጅ ለማምጣት ሞክረን በሩ ተዘግቶ ስለጠበቀን፣ ዞረን ዞረን ከሕንድ የአሥራ አንድ ወር ሴት ልጅ ሰጡን። እኔና ባሌ ሄደን፣ ሁለት ሳምንት እዚያው ቆይተን፣ ይዘናት ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ገባን።

አውሮፕላን ላይ አላለቀሰችም። አሥራ ስድስት ሰዓት ሙሉ! አጠገባችን የተቀመጡት ሰውዬ ሕፃን መያዛችንን ሲያዩ ፊታቸው ጠቁሮ ጆሮ መድፈኛቸውን አውጥተው ነበር። ስንወርድ ግን «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት» ብለው አመሰገኑን። እኔም ደረቴን ነፋሁ፤ የደከምኩበት ነገር ያለ ይመስል።

በሦስተኛው ቀን ጉዳያችንን የያዘችው ሶሻል ወርከር መጣች። ልጅቷ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ የፕላስቲክ ኩባያ ታገላብጣለች።

«ታለቅሳለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ኧረ በጭራሽ!» አልኩ በኩራት። ዳይፐሯ ቢርስ ዝም፣ ቢርባት ዝም፣ ጠዋት ግንባሯ ከጠረጴዛው ጋር ሲጋጭ እንኳ ዝም።

ሴትዮዋ መጻፏን አቆመች። ቀስ ብላ ነገረችኝ። ልጅቷ በኖረችበት የሕፃናት ማሳደጊያ ሕፃናቱ ብዙ፣ ሞግዚቶቹ ጥቂት ነበሩ። ሕፃን አልቅሶ አልቅሶ ማንም ካልመጣለት አንድ ቀን ይተወዋል። ጨዋነት አይደለም፤ ተስፋ መቁረጥ ነው። «የእኔ የምትለው ሰው እንዳላት ሲገባት ታለቅሳለች» አለች። እስከዚያ ከእኔና ከባሌ በቀር ማንም እንዳይታቀፋት፣ ማንም እንዳያበላት፣ ለጥቂት ሳምንታትም እንግዳ እንዳይበዛ አዘዘችን። በሐበሻ ቤት! እንግዳ እንዳይበዛ!

እሷ ስትወጣ ኩሽና ገብቼ በልጅቷ ፈንታ እኔ አለቀስኩ። የኮራሁበት ዝምታ ምን እንደነበረ ሳውቅ አፈርኩ። ለካ ለእሷ እኔም ተረኛ ሞግዚት ነኝ፤ ፈረቃዬ ሲያልቅ ወጥቼ የምሄድ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጸሎቴ አንድ ሆነ፤ ጌታ ሆይ፣ ልጄ ታልቅስ። በዚህ አካባቢ እንዲህ ብላ የምትጸልይ እናት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ባሌ ለቸርች ሰዎች ቴክስት አደረገ። «ለጊዜው እንግዳ አንቀበልም፣ ጸልዩልን» ብሎ ጻፈ። ሁሉም «እንረዳለን፣ ተባረኩ» ብለው መለሱ። ሰው ሲረዳ እንዴት ደስ ይላል አልን።

መጀመሪያ የመጡት ባሌን ያሳደጉት አክስቱ ናቸው። ከሳንሆዜ፣ የገንፎ ዱቄት፣ አንድ ማሰሮ ቅቤና የሌሊት ልብሳቸውን ይዘው። አራስ ቤት ያለ ሰው አይተውም አሉ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ አልወለድኩም።»

«ታዲያ ማን ወለደ? ተኚ!»

ተኛሁ። እውነቱን ልናገር፤ ደስ አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት የሰው አራስ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። አጥሚት ይዤ እየገባሁ፣ ስቄ እየወጣሁ፣ መኪናዬ ውስጥ እንባዬን እየጠረግሁ። አሁን የገንፎው ሳህን በእኔ ጭን ላይ ተቀመጠ። ፓሎ አልቶ ካለው የላብራቶሪ ሥራዬ ፈቃድ ወስጄ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ቅቤውን በማንኪያ እየጠቀስኩ ዋልኩ። በሳምንቱ ያላረገዝኩበት ሆድ ብቅ አለ።

ስለ ልጅቷ ግን ሕጉን ነገርኳቸው። «አትታቀፉ? የእናንተስ አገር ጉድ ነው» አሉና፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከሩቅ ያዩዋት ጀመር። «ቁርጥ አባቷን!»

«እትዬ፣ ከሕንድ ነው እኮ የመጣችው።»

«ብትመጣስ? አፍንጫውን አታዪም?»

በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ባሌ ዳይፐር ሊገዛ ኤመሪቪል እንደሄደ፣ በሩ ተንኳኳ። ስምንት ሴቶች! ገንፎ፣ አጥሚት፣ ዳቦ፣ ፊኛ ሁሉ ይዘዋል። ለካ ቴክስቱን ሁሉም በየፊናው ተረድቶታል፤ እንግዳ አይምጣ የተባለው ለሌላው ሰው ነው። እኛ እንግዳ ነን እንዴ?

አንዷ ልማድ ሆኖባት «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ!» ብላ አቀፈችኝ፤ ከዚያ ምን እንዳለች ሲገባት ደርቃ ቀረች።

«አሜን፣ ከፔፐርወርኩ ተገላግያለሁ» አልኳት። ሳቁ ቤቱን ሞላው፤ በሳቁ መሀል አንዷ ልጅቷን ከምንጣፉ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። ከዚያ ሁለተኛዋ ተቀበለቻት። ከዚያ ሦስተኛዋ።

አፌን ከፍቼ «እባካችሁ አትታቀፏት» ማለት ነበረብኝ። እኔ ቁጡ ነኝ ይባላል፤ ባሌን ጠይቁት። ግን ያመጡትን ገንፎ እየበላሁ፣ የቤታችንን ዳገት ወጥተው የመጡ እኅቶቼን ልጄን አትንኩ እንዴት እላለሁ? ሶሻል ወርከሯ ስለ ስንት ነገር ፎርም አስሞልታኛለች፤ ስለ ይሉኝታ የሚጠይቅ ግን አልነበራትም። ዝም አልኩ። ልጅቷም ዝም አለች።

«ጌታ ይባረክ፣ እንዴት ያለች ጨዋ!»

«የእኔ በእሷ ዕድሜ ሳለ ሰፈር ነበር የሚበጠብጠው።»

«ደግሞ ለማንም ትሄዳለች እኮ!»

ይቺ የመጨረሻዋ ሆዴ ገባች። ለማንም ትሄዳለች። እኔም ከማንም አንዷ ነኝ ማለት ነው። ሳህኑን ይዤ ተነሣሁ፤ እንባዬ ፊታቸው እንዳይመጣ ወደ ኩሽና ገባሁ። ከሳሎን ስወጣ አይቻለሁ፤ አክስትየዋ አላስቻላቸውም፣ ተራውን ነጥቀው ታቅፈዋታል።

ቧንቧውን ከፍቼ ሳህኑን አጥባለሁ። ከሳሎን አንድ ቀጭን፣ ጆሮ የሚበሳ ድምፅ ተነሣ። የጭስ አላርም መሰለኝ፤ ምድጃውን ሁሉ አየሁ። ከዚያ ድምፁ ትንፋሽ ወሰደ። አላርም ትንፋሽ አይወስድም።

ሳህኑን ጥዬ ሮጥኩ።

ልጄ በአክስትየዋ ክንድ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጣ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ እኔ የወጣሁበትን በር እያየች ትጮኻለች። አንዷ ቁልፍ ታንቃጭላለች፣ አንዷ ፊኛ ታወዛውዛለች፣ አንዷ እሹሩሩ ትላለች። አክስትየዋ «በሞትኩት! ምንም አላደረግኋት፣ ዝም ብዬ ነው የያዝኳት!» ይላሉ። እሷ ማናቸውንም አላየችም። እኔን ስታይ ሁለት እጇን ዘረጋች።

ወሰድኳት። አንገቴ ሥር ገብታ፣ ፀጉሬን ጨብጣ፣ የአሥራ አንድ ወር ሙሉ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ባሌ ዳይፐሩን ታቅፎ በሩ ላይ ቆሟል፤ የሰማውን ማመን አቅቶት አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያል፤ ከዚያ እሱም ያለቅስ ጀመር።

«ኧረ አባብያት እንጂ!» አሉኝ ሴቶቹ፤ «ምን ሆነሽ ትስቂያለሽ?»

«አላባብላትም!» ብዬ ጮህኩባቸው። ከዚያ አፌን ወደ ጆሮዋ አስጠግቼ «አልቅሺ፣ የኔ እናት» አልኳት። «ይኸው ጠራሽኝ፣ መጣሁ።»