ቆሻሻ አይመርጥም

ለእትዬ ጓንት እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን የሚያውቁት ግን ደመወዝ ክፍሉና ባላቸው ብቻ ናቸው። «ጓንት»ን ያወጡላቸው ተማሪዎች ናቸው። በዚያ የምርምር ተቋም ምድር ቤት፣ በዕቃ ማጠቢያው ክፍል፣ በባዶ እጁ ብልቃጥ የሚነካ ሰው ካዩ «ጓንት!» ብለው ሲጮሁ ሦስተኛ ፎቅ ይሰማል። ፕሮፌሰር ይሁን ተላላኪ ለእሳቸው አንድ ነው።

ደግሞ እውነታቸውን ነው። እላይ የሚጠናው አር ኤን ኤ የሚሉት ነገር ነው፤ በሴል ውስጥ ከዘር መዝገቡ ትእዛዝ ተቀብሎ ፕሮቲን ወደሚሠራበት የሚሮጥ መልእክተኛ። ሯጭ ይሁን እንጂ ጉልበት የለውም፤ በጣታችን ላብ ውስጥ ያለች ኢምንት ነገር ድምጥማጡን ታጠፋዋለች። ስለዚህ እትዬ ጓንት እያንዳንዱን ብልቃጥ ሰባቴ ያለቀልቃሉ፣ አፉን ይሸፍናሉ፣ ምድጃ ውስጥ ግማሽ ቀን ያግሉታል። ወለል ሊጠርጉ ገብተው፣ ማንም ሳያስተምራቸው እያዩ የለመዱት ሙያ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የእርሾው ክፍል፣ የትሉ ክፍል፣ የሰው ሴል የሚያረቡበት ክፍል፣ ሁሉም በእሳቸው እጅ ነው የኖረው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የቤተ ሙከራው ኃላፊ፣ ዶክተሩ፣ አንዲት ቁራጭ ፎቶ ይዘው ዱብ አሉ። ከኋላቸው እርሾ የምታጠናው ቀጭኗ ተማሪያቸው አንገቷን ደፍታ ቆማለች።

«ሦስት ወር ሙሉ የልጅቷ አር ኤን ኤ ይጠፋል!» አሉ ዶክተሩ። «ዛሬም ጠፋ። ዕቃው ቆሻሻ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? ከሰኞ ጀምሮ የታሸገ ዕቃ እንገዛለን። እርስዎም ወደ ግቢ ጽዳት ይዛወራሉ፤ ደብዳቤው እየተጻፈ ነው።»

እትዬ ጓንትን መጥረጊያ መያዝ አያሳፍራቸውም፣ ይዘውት ኖረዋል። «ቆሻሻ» የምትለዋ ቃል ግን አጥንታቸው ድረስ ዘለቀች። ወይ ጉድ! ባልዋሉበት!

«እስቲ ፎቶውን ልየው» አሉ።

አር ኤን ኤው ካለ ደማቅ ጥቁር መስመር ሆኖ በሚታይበት ቦታ ላይ ጭል ጭል የምትል ጥላ ብቻ አለች። ጠርዙ ደግሞ በመቀስ ተቆርጧል።

«ቀሪውስ?»

«የምንፈልገው መልእክት፣ አር ኤን ኤው፣ ይሄ ስለሆነ ነው የቆረጥኩት፣ እትዬ» አለች ልጅቷ። «ያኛው ለማመሳከሪያ የምናየው የሌላ መልእክት ነው።»

«እሱንም አምጪልኝ፣ የኔ ልጅ።»

ሮጣ ወጥታ ሮጣ ወረደች። በቀሪው ቁራጭ ላይ ያኛው መልእክት እንደ ከሰል ጠቁሮ ተሰምሯል።

«ሁለቱም ከአንድ እርሾ ነው የወጡት?»

«አዎ።»

«በአንድ ውሃ፣ በአንድ ብልቃጥ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

ወደ ዶክተሩ ዞሩ። «እንግዲህ ዶክተር፣ የኔ ቆሻሻ ዓይን አለው ማለት ነው? አንዱን ትቶ አንዱን የሚበላ? ቆሻሻ ቢሆን ሁለቱንም ጠራርጎ በበላ ነበር። ቆሻሻ አይመርጥም! መራጭ ካለ እዚያው እርሾው ውስጥ ፈልጉት።»

ዶክተሩ ሁለቱን ቁራጮች ገጣጥመው አዩና «ደብዳቤው ይቆይ» ብለው ይዘዋቸው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ወሬ ጠፋ። ጡረተኛው ሹፌር ባላቸው «ተይው፣ ቤትሽ ግቢ» ቢሏቸው፣ «በቆሻሻ ስም? ሞቼ እገኛለሁ!» አሉ። በየቀኑ ሰባቴውን አለቀለቁ፤ ስምንተኛ አልጨመሩም። የሚጨመር ነገር እንደሌለ ያውቃሉ።

በአራተኛው ሳምንት ልጅቷ እያለከለከች ወረደች።

«እትዬ፣ ተገኘ! መልእክታችን የተበላሸ ነበር። መጨረሻው ላይ መምጣት ያለበት ‹ቁም› የሚል ምልክት መሀሉ ላይ ገብቶበታል። በእሱ ቢሠራ ግማሽ ፕሮቲን ይወጣና ሴሉን ይጎዳል። ሴሉ ግን ዘበኛ አለው፤ እንዲህ ያለውን ይይዝና ያስቆራርጠዋል። በመጽሐፍ የምናውቀው ዘበኛ ነው እኮ፣ አፍንጫችን ሥር ሆኖ አላየነውም! ዘበኛ የሌለው እርሾ ተውሰን ስንሞክር መስመሩ ጥቁር ሆኖ ወጣ።»

«እርሾ ዘበኛ አለው?»

«ትሉም አለው፣ ሰውም አለው። እርሾና ሰው ከመለያየታቸው በፊት ጀምሮ፣ ከቢሊዮን ዓመት በላይ የሠራ ነው።»

«ቢሊዮን!» እትዬ ጓንት ወገባቸውን ይዘው ሳቁ። «እኔ በሃያ ስድስት ዓመቴ እኮራለሁ። በይ እንግዲህ፣ ባልደረባ አለኝ ማለት ነው።» ኮርተዋል፤ ደግሞስ ለምን አይኮሩ?

ዶክተሩ በሩ ላይ ቆመዋል። የዝውውሩን ደብዳቤ ለሁለት ቀድደው በግራ እጃቸው ይዘዋል። «እትዬ፣ እኔ እንግዲህ...» አሉና በእፍረት ቀኝ እጃቸውን ከምድጃው ወደወጣው ብልቃጥ ሰደዱ።

«ጓንት!»

ሦስተኛ ፎቅ ሰማ። ዶክተሩ እጃቸውን ሰበሰቡ። በሩ አጠገብ ካለው ሳጥን ጓንት አውጥተው በሁለቱም እጃቸው አጠለቁ፣ ከዚያ በኋላ ይቅርታ ጠየቁ።