ሲታተም የማይታየው መስመር

በደስታ፣ እስኪገባው ድረስ ደጋግማችሁ ያስተማራችሁት ሰው በዚያው ባስተማራችሁት ነገር ጎድቷችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ጊዜው ካዛንቺስ ግማሿ ፈርሶ ግማሿ የቆመበት፣ ሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ግድም ነው። ዛሬም ለሰው አንድ ነገር ላብራራ ስል ይኼው ነገር ትዝ ይለኛል።

ያኔ እዚያው ካዛንቺስ በአንዲት የግል ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ አስተምር ነበር። ሄኖክ የሚባል ባልደረባዬም ያንኑ ትምህርት ያስተምራል። ሁለታችንም የኮንትራት ሠራተኞች ነን። የሰፈሩ ቤቶች እየፈረሱ ወላጆች ወደ ጀሞና ወደ ሰሚት ሲሄዱ የተማሪው ቁጥር ቀነሰ። ርእሰ መምህራችን አቶ ፈለቀ ሁለታችንንም ቢሯቸው ጠሩንና በግልጽ ነገሩን።

«ለሚመጣው ዓመት የማስቀረው አንዳችሁን ነው። ለሁሉም ክፍል የሚሆን ማስተማሪያ ጽሑፍ አዘጋጁልኝ። በእሱ እወስናለሁ።»

ከቢሮው እንደወጣን ሄኖክ ትከሻዬን መታ አደረገኝና «አይዞሽ፣ እኔ ቦሌ ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ። ቦታው ያንቺ ነው» አለኝ። አመንኩት። ለምን አላምነው?

የመምህራን ማረፊያው ኮምፒዩተር በቫይረስ የተሞላ ስለነበር በዎርድ የጻፍኩት ምዕራፍ ጠፍቶብኝ ያውቃል። መፍትሔ ሳፈላልግ ባምቢስ ሱፐርማርኬት አጠገብ ባለ ኢንተርኔት ቤት ማርክዳውን ስለሚባል የአጻጻፍ ዘዴ አነበብኩ። ነገሩ ቀላል ነው። በማንኛውም ተራ የጽሑፍ ገጽ ላይ ትጽፋላችሁ፤ እንደ ዎርድ ፋይል በቀላሉ አይበላሽም። የሞባይል ካርድ ስንሞላ የምንጫናትን መሰላል መስመሩ መጀመሪያ ላይ ካስቀመጣችሁ መስመሩ ርእስ ይሆናል፤ ሁለት መሰላል ከሆነ ደግሞ ንዑስ ርእስ። አንድን ቃል ከፊትም ከኋላም በሁለት ሁለት ኮከብ ካቀፋችሁት ይደምቃል። በሰረዝ የጀመሩ መስመሮች ዝርዝር ይሆናሉ። ጽሑፉን በአንዲት ነጻ ፕሮግራም ስታሳልፉት ኮከቡም መሰላሉም ይጠፋና የተስተካከለ ገጽ ይወጣል።

አንድ ቀን ስጽፍ ሄኖክ ከኋላዬ መጥቶ ስክሪኑን አየ።

«አንቺ ልጅ፣ ኖት ነው የምትጽፊው ወይስ ካርድ እየሞላሽ ነው?»

«ትስቃለህ አይደል? ና ቁጭ በል፣ ላሳይህ።»

አሳየሁት። እኔ ማስረዳት ከጀመርኩ አልጨርስም፤ ምሳ ሰዓታችንን በላሁበት። እሱም ቶሎ ይገባዋል። ርእስ ሠራ፣ ቃል አደመቀ፣ ዝርዝር ደረደረ። በመጨረሻ ጠየቀኝ።

«ማለቴ… ለራሴ ብቻ የምጽፈው፣ ተማሪው የማያየው ማስታወሻ ቢኖረኝስ?»

ጥያቄው ደስ አለኝ። ጎበዝ ተማሪ የሚጠይቀው ዓይነት ነው። ከማስታወሻው ፊትና ኋላ የሚገቡትን መክፈቻና መዝጊያ ምልክቶች አሳየሁት። «በዚህ መሀል ያለው ሁሉ ፋይሉ ውስጥ ይኖራል፣ ሲታተም ግን አይታይም» አልኩት።

«ቲቸር፣ አንቺ እኮ ጉድ ነሽ!» አለኝ።

ጽሑፉን ጨረስኩ። ከመጀመሪያው ርእስ በላይ «አዘጋጅ» ብዬ ስሜን ጻፍኩ። ሰኔ ላይ ግን ቂርቆስ እኛ ሰፈር መብራት ጠፍቶ ሰነበተ፤ ያልታረመ የፈተና ወረቀትም ተከምሮብኛል። ሄኖክ «ፕሮግራሙ ላፕቶፔ ላይ አለ። ለገሃር አሳትሜና አስጠርዤ ለአቶ ፈለቀ አደርስልሻለሁ፤ አንቺ ፈተናሽን አርሚ» አለኝ። ጽሑፉ ያለበትን ፍላሽ ሰጠሁት። አመሰገንኩትም።

በዓመቱ መዝጊያ ስብሰባ ላይ አቶ ፈለቀ ጥራዙን ከፍ አድርገው አሳዩ። «መምህር ማለት እንዲህ ነው!» አሉ። ስሜን እስኪጠሩ ጠበቅሁ። የጠሩት ሄኖክን ነው። ሁሉም አጨበጨበ።

ጥራዙን ተቀብዬ ገለጥኩት። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው የእኔ ነው። «አዘጋጅ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ስም ግን የእሱ ነው።

ሄኖክን በረንዳው ላይ ያዝኩት። አልካደም። ላፕቶፑን ከፍቶ ፋይሉን አሳየኝ። የእኔ ስም በቦታው አለ፤ ከፊቱና ከኋላው ግን ያስተማርኩት ምልክት ገብቶበታል። ከሥሩ የራሱን ስም ጽፏል።

«አላጠፋሁሽም እኮ፣ ይኸው አለሽ» አለኝ።

«ቦሌ ያገኘኸው ሥራስ?»

«የለም። በቃ፣ ምን ላድርግ? እኔም መኖር አለብኝ።»

ላፕቶፑን ነጥቄው አቶ ፈለቀ ዘንድ ሄድኩ። መስመሩን እያሳየሁ ልክ ክፍል ውስጥ እንደማስረዳው አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩት።

«ልጄ፣ ይኼ ኮከብና መሰላል ለእኔ ምኔ ነው? እኔ የማነበው ወረቀቱን ነው።»

«ጋሼ፣ ስሜ እኮ እዚሁ አለ!»

«የራስሽ ከሆነ ራስሽ ይዘሽ አትመጪም ነበር? ጓደኛሽን በሰው ፊት አታሳፍሪው።»

ሄኖክ ቀረ፤ እኔ ወጣሁ። በቀጣዩ ዓመት ስለ ሐቀኝነት የጻፍኩትን ምዕራፍ እየገለጠ እንዳስተማረበት ከቀድሞ ተማሪዎቼ ሰማሁ። ልጆቹ «ቲቸር፣ አሪፍ ኖት ነው» አሉኝ።

አሁን ሌላ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ጽሑፌንም ዛሬም በዚያው መንገድ ነው የማዘጋጀው፤ ዕውቀቱ ምንም አልበደለኝም። የተበላሸው ሌላ ነው። አንድ ባልደረባዬ ወንበር ስቦ «እስቲ አሳዪኝ» ሲለኝ፣ አፌን ከመክፈቴ በፊት «ይኼ ሰው ለምን ፈለገው?» እላለሁ በልቤ። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ይህን ጠባዬን አልወደውም፤ ግን አልለቀቀኝም።

እናንተ ግን ሞክሩት። አንድ ባዶ ገጽ ክፈቱ፤ መሰላል፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ርእስ። አንድ ቃል በኮከቦች እቀፉ። ሦስት መስመር በሰረዝ ጀምሩ። ሲገባችሁ አጠገባችሁ ላለው ሰው አስተምሩት። ምንም ሳትጠረጥሩ፣ ደስ ብሏችሁ ማስተማር ከቻላችሁ ከእኔ ተሽላችኋል።